የግብርና መምህር እሆናለሁ ያለችውን ልጅ አናሸማቅቃት



ሰሞኑን በየቡናው ላይ የሚነሣ አንድ ወሬ አለ። ከሰፈራችን ልጆች አንዷ 12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ «የሁለተኛ ደረጃ የግብርና መምህር ለመሆን ነው የምማረው» ብላለች። ይህን የሰማ ሁሉ እናቷን ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው «አይዞሽ» ይላታል። እንዴ! ምኑ ነው የሚያስለቅሰው?

የወላጆች ነገር ይገባናል። ብዙዎቻችን ሞፈር ቀንበር ሰቅለን ከተማ የገባን ነን። «ያስተማርኳት ከጭቃ እንድትወጣ ነው» የሚለው ቃል ከአንጀት የወጣ ነው። ነገር ግን ልጅቱ የምትማረው ሁለት ሙያ ነው፤ አንዱ አፈሩን፣ ሰብሉንና ከብቱን ማወቅ፣ ሌላው ያወቁትን ለ17 ዓመት ጎረምሳ ማስረዳት። አንደኛውን የያዘ ሁሉ ሁለተኛውን አይችልም።

ትምህርቱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1939 ዓ.ም. ነው። የአለማያ እርሻ ኮሌጅም፣ ዛሬ ሐረማያ የምንለው ማለት ነው፣ በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። አሁን ደግሞ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ራሱን ችሎ ይሰጣል። ታዲያ ማን ያስተምረው? የባዮሎጂው መምህር ደርቦ ይያዘው ማለት ልብስ ሰፊውን ጫማ ስፋልኝ እንደ ማለት ነው።

እኛ ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህችን ያህል ግን እናውቃለን። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውሃው የአፈሩን ንጥረ ነገር እያጠበ ይወስድና መሬቱ ይኮመጥጣል፣ አሲዳማ የሚሉት ነው። ገበሬው ማዳበሪያ ቢጨምርም ሰብሉ እንደሚገባው አያነሣም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የሚበተነው መጠን ግን አፈሩ ተለክቶ ነው የሚታወቀው። ይህን ከሰሌዳ የገለበጠ ተማሪ ፈተናውን ያልፍ ይሆናል። አፈሩን በእጁ ዘግኖ፣ በውሃ በጥብጦ፣ ለክቶ ያየው ግን አባቱ አገር ሲሄድ ለአጎቱ ይነግረዋል።

የመምህር ደመወዝ አነስተኛ ነው የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። እሱን ለመምህር ሁሉ እንጩህ እንጂ በግብርናው ብቻ አናሳብብ።

ለመለካትም ለመቆፈርም ቦታ ያስፈልጋል። ከአዳራሻችን በስተጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ለመኪና ማቆሚያ እናከራየው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ኪራዩ ገንዘብ መሆኑን አንክድም፤ የዕድሩ ድንኳንም ተቀዷል። ሆኖም እኛ የምንለው እኩሌታው ይከራይ፣ እኩሌታው ለሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠርቶ ማሳያ ይሁን ነው። ዛሬ ወንዝ ዳር የሚጣለው የአትክልት ልጣጭና ቅጠል (ሽታውን ሁላችንም እናውቀዋለን) እዚያ ተከምሮ፣ ውሃ እየጠጣና እየተገላበጠ ብስባሽ ይሆናል። ልጅቱም ለክረምት ስትመጣ ታናናሾቿን ይዛ ማስተማርን ትለማመድበታለች።

ይህ ጉዳይ የሚወሰነው በመጪው እሑድ ከጧቱ 4 ሰዓት በአዳራሹ በሚደረገው ስብሰባ ነው። መኪና ማቆሚያ ይሁን የምትሉም ሳትቀሩ ኑ፤ የሚቆጠረው የተገኘ ሰው እጅ ብቻ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ