ዓሣ ማሟሻ አይደለም

አዲስ የመስታወት ገንዳ ገዝቶ፣ አሸዋ ደልድሎ፣ የውሃ ዕፅዋት ተክሎ፣ በዚያው ዕለት ዓሣ የሚለቅበትን ሰው «የተፈጥሮ ወዳጅ» ማለት የተለመደ ነው። እኔ አልለውም። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ጥራቱ ግን ባዶነቱ ነው።

ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞኒያ ያወጣል። በሰነበተ ገንዳ አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬቱን ዕፅዋቱ ይመገቡታል። ይህን የጥቃቅን ነፍሳት ሥራ ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ አዲስ አበባ ገና ጨቅላ ከተማ ሳለች፣ ለይቶ አሳይቶታል። «አልተነገረኝም» ማለት እንግዲህ ጊዜው አልፏል። በአዲስ ገንዳ እነዚህ ነፍሳት ገና አልረቡም። አሞኒያው የዓሣውን መተንፈሻ ይለበልባል፤ ናይትራይቱ ደሙን አጠይሞ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ዓሣውም ውሃ ውስጥ ሳለ ይታፈናል። ባለቤቱ ግን «እጄ ዓሣ አያበረክትም» እያለ ዕድሉን ያማርራል!

የደጃች ውቤ ሰፈር፣ በቅጽል ስሙ ውቤ በረሃ፣ በዘመኑ በመጠጥ ቤቶቹ የታወቀ ነበር። እዚያ ያልፈላ ጠጅ ለእንግዳ የምትቀዳ ኮማሪት ስንት ቀን ደንበኛ ይኖራት ነበር? በጋኑ ውስጥ የሚሠራው ፍጥረት በዓይን አይታይም፤ ሆኖም ሁሉም ይጠብቀዋል። ለጠጅ የምናውቀውን ትዕግሥት ለነፍስ ላለው ፍጥረት ለምን እንነፍገዋለን?

የገንዳው ጥንስስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እስኪወጣለት ይቆያል፤ ከዚያ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ተጥሎ እንዲበሰብስ ይተዋል፤ አሞኒያ ራሱንም መጨመር ይቻላል። ጤነኛ ዓሣ ካለበት አሮጌ ገንዳ የማጣሪያ ስፖንጅ ያገኘ ሰው እርሾ እንዳገኘ ይቁጠረው። የአዲስ አበባ ብርድ ባክቴሪያውን ስለሚያዘገይ ቀን መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ መለካት ያስፈልጋል። የተጨመረው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ አልቆ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሆኖ፣ ናይትሬት ሲገኝ ውሃው ደርሷል።

«ዕፅዋቱስ?» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ ዕፅዋት አሞኒያ ይመጥጣሉ፤ ጥቅጥቅ ብለው ሲያድጉ። ትናንት የተተከሉት ግን ገና ሥር አልያዙም፤ የሚረግፈው ቅጠላቸውም በስብሶ አሞኒያ ይጨምራል።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ «መጀመሪያ ቻይ ዓሣ አስገባ፣ ውሃውን ያለማምድልሃል» የሚለው ምክር ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ጎመን ዘር ሕመም አያውቅም። ቻይ የተባለው ዓሣ ግን እየተለበለበ ነው የሚችለው፤ ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም።

ሻጭ ሆይ፣ ገንዳውን ዛሬ ሽጥለት። ለዓሣው ግን ከወር ተኩል በኋላ ውሃውን ለክቶ እንዲመለስ ንገረው።