«የሳለው ኮምፒውተሩ ነው» ለምትሉን

ፈላና በር አጠገብ ሻይ ይዘን ተቀምጠናል፡፡ አንዷ ወዳጃችን የሥዕል ተማሪ ናት፡፡ ጭኗ ላይ አሮጌ ታብሌት አስቀምጣ፣ ብዕሩን ይዛ በሩን ትስላለች፡፡ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ከኋላዋ ቆመው ብዙ ደቂቃ አዩና «ጎበዝ ነው! ስንት ይሸጣል?» አሉ፡፡ ሥዕሉን ሊገዙ መስሎን ቀና አልን፡፡ ለካ የጠየቁት የታብሌቱን ዋጋ ነው፡፡

ሳቅን፡፡ ቆይተን ስናስበው ግን ሳቁ ጠፋ፡፡ ይሄ ነገር የአንድ ሰውዬ ጉዳይ ብቻ አይደለማ! ታፔላ ያሠራት ባለ ሱቅ «ኮምፒውተሩ ለሳለው ይሄን ሁሉ ብር?» ብሎ ከተስማሙበት ዋጋ ግማሹን አስቀርቶባታል፡፡ ዘመዶቿ «መቼ ነው እውነተኛ ሥዕል የምትጀምሪው?» ይሏታል፡፡ ከሠዓሊዎቹ መካከል እንኳ «በእጅሽ የሳልሽውን አምጪ» የሚሉ አሉ፡፡ እስካሁን በምኗ ኖሯል የምትስለው? በእግሯ?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ በፈላና በር ግቡ፣ ፈረስ መጋላ ድረሱ፣ ከዚያ ወደ መኪና ግርግር ውረዱ፡፡ ለመንገዱ ስም ያወጣለት የልብስ ስፌት መኪናው ጫጫታ ነው፡፡ እዚያ ልብስ ያሰፋ ሰው «የሰፋው መኪናው ነው፤ ለአንተ ምን ብዬ እከፍላለሁ?» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትሰሙም፡፡ መኪናው ልክ አይወስድም፤ ጨርቅ አይመርጥም፤ የደንበኛውን ትከሻ አይቶ እጅጌውን አያስተካክልም፡፡ ታብሌቱም እንዲሁ ነው፡፡ መስመሩ የሚወፍረውና የሚቀጥነው ብዕሩን የያዘው እጅ ሲጫንና ሲላላ ነው፡፡ ጥላው በየት በኩል እንደሚወድቅ የሚወስነው ፀሐይዋን ያየ ዓይን ነው፡፡

ይሄን ካልን በኋላ ግን የራሳችንንም ጉድ እንናገር፡፡ ሰዉ «ኮምፒውተሩ ነው» ብሎ ቢያምን ጥፋቱ የሰዉ ብቻ አይደለም፡፡ ወዳጃችን የገባችበት ክፍል ወራቱን ሙሉ ያስተማራት ሜኑ ነው፡፡ ይሄ ብሩሽ ነው፤ ይሄ ሌየር ነው፤ ሲሳሳቱ ኮንትሮል ዜድ፡፡ የቤት ሥራው ደግሞ ከዩቲዩብ ላይ ፖም መገልበጥ፡፡ ተማሪው በሙሉ አንድ ዓይነት ፖም ይዞ ይመጣና ይታረምለታል፡፡ ማንጎና ብርቱካን መንገድ ዳር በሚሸጥበት ከተማ፣ ፖም! እንዲህ የሠለጠነ ልጅ የሳለውን አይቶ «ኮምፒውተሩ ነው» ያለ ሰው በምን ይፈረድበታል?

ክፍሉ ምንም አልጠቀማትም አንልም፡፡ ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም እንደሚሠራ፣ ስለዚህም ስክሪን ላይ የሚያበራው ቀይ ባነር ላይ ሲወጣ እንደሚደበዝዝ የነገራት ክፍሉ ነው፡፡ ለስልክ የበቃ ምስል ለሕትመት እንደማይበቃ፣ ለመጽሐፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንደሚለመድ ያወቀችው እዚያ ነው፡፡ ይሄን ያላወቀ ይከስራል፡፡ ነገር ግን መሣሪያ ማወቅና ማየት ማወቅ ለየቅል ናቸው፡፡

ማየት የተማረችው ማንም ሳያዛት በራሷ በጀመረችው ሥራ ነው፡፡ የአክስቷ ቤት የድሮ የሐረሪ ቤት ነው፤ ከነደባው በላይ ያለው ግድግዳ በስፌት ተሸፍኗል፡፡ ከስፌቶቹ አንዱን ልትስል ተነሣች፡፡ ክፍል ውስጥ የተማረችውን የመስታወት መሣሪያ ከፈተች፤ የክቡን አንድ ስምንተኛ ሳለች፤ ቀሪውን ፕሮግራሙ ራሱ ደገመላት፡፡ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፡፡ እንከን የለሽ! ወስዳ ለአክስቷ አሳየቻቸው፡፡ እሳቸውም ታብሌቱን ራቅ ቀረብ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ማማሩን ያምራል፤ ግን ይሄ አይሰፋም» አሏት፡፡

ለምን? ስፌት እንደ ቀለበት ተዘግቶ አይዞርም፡፡ ከመሃል ይነሣና እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል እየተጠመዘዘ ይወጣል፡፡ ስለዚህ የአንዱ ዙር መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር እኩል አይገጥምም፤ አንድ እርከን ከፍ ይላል፡፡ ሰፊዋ ይህችን እርከን እያወቀች፣ ወስፌው የገባበትን እየቆጠረች ነው ንድፉን የምታስገጥመው፡፡ ፒክስል የሚባል ቃል ሳይሰሙ በቁጥር ንድፍ ሲያወጡ የኖሩ ሴቶች ፕሮግራሙ የደበቀውን ስሕተት በአንድ እይታ አገኙት፡፡ ወዳጃችን ሥዕሉን አጠፋችው፡፡ ሁለተኛው ሦስት ሳምንት ፈጀባት፡፡

ይሄ ሁሉ ለአንድ ስፌት ነው ወይ? አይደለም፡፡ ጥያቄው ሐረርን ማን ይሳላት የሚለው ነው፡፡ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 መጥቶ አሥር ቀን ያህል ቆየና በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ከተማዋን ለአውሮፓ አስተዋወቀ፡፡ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ካሜራ አስመጥቶ ፎቶ አነሣ፡፡ ስለሠሩት አንወቅሳቸውም፡፡ ነገር ግን የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው የሚባለው፡፡ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በየፖስተሩና በየካኒቴራው የምናየው ሥዕል ግን ዛሬም ሁለት ነው፡፡ በርና ጅብ፡፡

አሁን ደግሞ ሌላ እንግዳ መጥቷል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በቃል ሲያዙት ሥዕል የሚያወጣ ፕሮግራም በየስልኩ ገብቷል፡፡ «የሐረር በር» ብለን አዘዝነው፡፡ የበረሃ አሸዋ፣ ግመልና የሰሜን አፍሪካ የሚመስል ቅስት አወጣልን፡፡ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት፤ አሸዋው ከየት መጣ? ፕሮግራሙ የሚያወጣው የተመገበውን ነው፡፡ እኛ ያልሳልነውን ከየት ያምጣው?

ከተማዋ ለሥዕል ባዕድ ሆና አይደለም፡፡ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደው ሐረር ነው፡፡ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር፡፡ ልጁ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ረቂቅ ሥዕል ይዞ ሲመለስ «ይሄ ደግሞ ምኑ ሥዕል ነው?» ያሉት ጥቂት አልነበሩም፡፡ ዛሬ ስሙ ሳይነሣ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ታሪክ አይወራም፡፡ አባት በብራና፣ ልጅ በሸራ፤ የዛሬዋ ልጅ በታብሌት ብትስል ምኑ ይገርማል?

«መሣሪያው ውድ ነው» ለምትሉ ጓደኞቻችንም መልስ አለን፡፡ እውነት ነው፤ አዶቤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፕሮግራሞቹን ወደ ደንበኝነት ክፍያ አዙሯል፤ ክፍያው በዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፡፡ እኛም በክራክ ኖረናል፤ አንዋሽም፡፡ ነገር ግን ክሪታም ኢንክስኬፕም በነፃ ይገኛሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለው ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል፡፡ ስለዚህ «የኛን ጀግና ማን ያነባል?» የሚለው ሰበብም አልቆበታል፡፡

እንግዲህ አስተማሪዎች ሆይ፣ ፖሙን ተዉትና የማርኩን ግማሽ ተማሪው ከሰፈሩ መርጦ ለሚሠራው ሥራ ስጡ፡፡ ሥራውንም ነገሩን ለሚያውቅ ሰው፣ ለሰፊዋ፣ ለግንበኛው፣ ለልብስ ሰፊው አሳይቶ ይምጣ፡፡ ባለ ሱቆች ሆይ፣ ዋጋውን በወረቀት ተስማሙ፣ ግማሹን አስቀድማችሁ ክፈሉ፡፡ ልብስ ሰፊውን የማትሉትን ለሠዓሊዋ አትበሏት፡፡ ተማሪዎች ሆይ፣ ጅቡን ለጊዜው አሳርፉት፡፡ የምታውቁትን አንድ ነገር ያዙና ባለቤቱ እስኪያምን ድረስ ሳሉት፡፡

ወዳጃችን ሁለተኛውን ሥዕል ይዛ ስትሄድ አብረናት ነበርን፡፡ አክስቷ በጣታቸው እየተከተሉ ዙሩን ቆጠሩ፡፡ እርከኗ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆም አለ፤ ከዚያ ቀጠለ፡፡ አላደነቁም፣ አልመረቁም፡፡ «ይሄኛው ይሰፋል» አሉና ቡናቸውን መቅዳት ቀጠሉ፡፡ ከዚህ የበለጠ ማርክ የሚሰጥ ክፍል ካለ አሳዩን፡፡