የቢልድ ውጤት በማን ጎተራ ይቀመጥ?

አንደኛው ጸሐፊ፦ ለትንሽ ቡድን ነፃው ማከማቻ ይበቃል

ሰው የሚያነበው ምንጭ ኮድ በአጠናቃሪ ፕሮግራም አልፎ ስልክ ወይም ሰርቨር ሊያስኬደው ወደሚችል ፋይል ሲለወጥ፣ ሂደቱ በባለሙያዎች አነጋገር ቢልድ፣ የተገኘው ፋይል ደግሞ አርቲፋክት ይባላል። በዚህ ስም የሚጠራው ለተጠቃሚው የሚደርሰው መተግበሪያ ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ ፕሮግራመር ሠርቶት ሌላው በራሱ ሥራ ውስጥ የሚያስገባው ላይብረሪና ሰርቨር ላይ የሚጫነው የዶከር ምስል ጭምር ነው። አከራካሪው ጉዳይ እነዚህ ፋይሎች ከውጭ ሰው ተሰውረው፣ የቡድኑ አባላት ግን ካሉበት ሆነው እንዲያገኟቸው የት ይቀመጡ የሚለው ሲሆን፣ ለትንሽ ቡድን ትክክለኛው መልስ ኩባንያዎች ያለ ክፍያ የሚሰጡት የግል ማከማቻ ነው።

የዚህ መልስ ክብደት የሚታየው ማከማቻ የሌለው ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ሲጤን ነው። አንዱ አባል የአንድሮይድ መተግበሪያውን ቢልድ አድርጎ በቴሌግራም ግሩፕ ይለጥፋል፤ ሞካሪው አውርዶ ስህተት እስኪያገኝ ድረስ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ይለጠፋል፤ «ፋይናል» በተባለው ላይ «ፋይናል 2» ይደረብና፣ ሳምንት ሳይሞላ በደንበኛው ስልክ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። ማከማቻ ግን ለእያንዳንዱ ፋይል ስምና የስሪት ቁጥር ይሰጣል፤ በደንብ ከተዘጋጀም 2.4.1 ተብሎ አንድ ጊዜ የገባው በሌላ እንዳይተካ ይከለክላል፤ ማን መቼ እንዳስገባው ይመዘግባል፤ የፋይሉን አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላውንና አንዲት ፊደል ብትለወጥ አብሮ የሚለወጠውን ቁጥር፣ ይይዛል።

ይህን ሁሉ ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል። የፕሮግራመሮች የኮድ ማከማቻ የሆነው ጊትሃብ ለአርቲፋክት ባዘጋጀው ጊትሃብ ፓኬጅስ በነፃው መደብ ለግል ፋይሎች 500 ሜጋባይት ቦታና በወር 1 ጊጋባይት የማውረጃ መጠን ይፈቅዳል፤ የማይክሮሶፍቱ አዙር አርቲፋክትስ 2 ጊጋባይት ይሰጣል። አሮጌ የሙከራ ቢልዶችን በየጊዜው ለሚያጠፋ ቡድን ይህ በቂ ነው። በጊትሃብ ቀጣዩ መደብ በወር ለአንድ ሰው 4 ዶላር ነውና ርካሽ ይመስላል፤ ሆኖም ለኢትዮጵያ ቡድን ዋናው ችግር መጠኑ ሳይሆን ዶላሩ ራሱ ነው፤ የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ያስፈልጋል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል።

የራስ ሰርቨር አማራጭ ነው የሚሉ ነክሰስ የተባለውን የማከማቻ ፕሮግራም ይጠቅሳሉ። ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል፤ ኮምፒውተሩ፣ መብራቱ፣ የደኅንነት ማሻሻያውና ይህን ሁሉ የሚከታተለው ሰው ግን በነፃ አይገኙም። ሰርቨር በማከራየት የታወቀው የፈረንሳዩ ኦቪኤች እንኳ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 የስትራስቡርግ የመረጃ ማዕከሉ በእሳት ሲጋይ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞቹ ፋይላቸውን አጥተዋል። ከሁሉም በላይ አርቲፋክት ቅርንጫፍ እንጂ ሥር አይደለም፤ ምንጭ ኮዱ እስካለ ድረስ የጠፋውን ቢልድ እንደገና መሥራት ይቻላል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ በሰው ጎተራ ያለ እህል የራስ አይደለም

ያለፈው ሙግት በሙሉ የተንጠለጠለው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ እሱም አይጸናም። ያው ኮድ ዛሬና ከሁለት ዓመት በኋላ ቢጠናቀር ያው ፋይል ይወጣል ማለት አይቻልም፤ አጠናቃሪው ይሻሻላል፣ ኮዱ የሚደገፍባቸው ላይብረሪዎች ከነበሩበት ይነሳሉ፣ ቢልዱ የተሠራበት ሰዓት ሳይቀር በፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። የዴቢያን ሊኑክስ አዘጋጆች ከአንድ ኮድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፋይል እንዲገኝ ለማድረግ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት መድከማቸው ነገሩ በራሱ የሚመጣ እንዳልሆነ ያሳያል።

ጉዳቱ በአንድሮይድ ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል። አር 8 የተባለው መሣሪያ መተግበሪያውን ለማሳነስ በፕሮግራመሩ የተሰጡትን ረጃጅም ስሞች «ኤ»፣ «ቢ» ወደሚሉ ነጠላ ፊደላት ይለውጣቸውና የትኛው ስም ወደ የትኛው ፊደል እንደተለወጠ የሚናገር የማዛመጃ ፋይል ያወጣል። መተግበሪያው በተጠቃሚው ስልክ ላይ ሲሰናከል የሚላከው ሪፖርት የሚጠቅሰው እነዚያን ፊደላት ነው፤ የዚያው ቢልድ ማዛመጃ ከሌለ ስህተቱ በየትኛው መስመር እንደተፈጠረ ማወቅ እጅግ ከባድ ነው። የጠፋ ቢልድ «እንደገና ይሠራል» የሚባልለት ቡድን በዚያ ቀን ለደንበኛው የሚሰጠው መልስ የለውም።

ነፃ የሆነ ነገር ደግሞ በሰጪው ፈቃድ የሚኖር ነው። ቢንትሬይ የተባለው ማከማቻ ያስተናግደው የነበረው የላይብረሪዎች ስብስብ ጄሴንተር፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ በአዲስ ፕሮጀክት ውስጥ ራሱ ስሙን እስኪጽፈው ድረስ የተለመደ ነበር። ባለቤቱ ጄፍሮግ እ.ኤ.አ. የካቲት 2021 መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱ እንደሚያበቃ አስታወቀ፤ ቢንትሬይም ግንቦት 1 ቀን 2021 ተዘጋ። የጊዜ ገደቡ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ጄሴንተር ለንባብ ብቻ እንዲቆይ የተደረገው በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮጀክቶች ስለተደገፉበት ነው፤ የአራት ሰው ቡድን የግል ፋይል ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም።

በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. የሆነው ከዚህም ይከፋል። ጊትሃብ የአሜሪካን ማዕቀብ ለማክበር ሲል በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ ያሉ ተጠቃሚዎችን ከግል ማከማቻዎቻቸው አገደ፤ ለሁሉም የተከፈቱት ማከማቻዎች ግን ተደራሽ ሆነው ቆዩ። የተዘጋው፣ ሰዎቹ «የግል» ብለው የጠበቁት ነው። ማዕቀብ ባይኖር እንኳ፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ፣ ላይብረሪዎቹ በውጭ ሰርቨር ብቻ የነበሩበት ቡድን በገዛ ቢሮው ተቀምጦ ቢልድ ማድረግ አይችልም ነበር።

የቦታው ስሌትም አያዋጣም። 40 ሜጋባይት የሚመዝን መተግበሪያ በቀን አሥር ጊዜ ቢልድ ከተደረገ 500 ሜጋባይቱ በሁለተኛው ቀን ይሞላል። ቦታ ለማግኘት የሚጣደፍ ሰው የሚያጠፋው ደግሞ የሙከራውን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ቡድኑ መጀመሪያ ሊኖረው የሚገባው በራሱ እጅ ያለ ዲስክ ነው፤ የውጭው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

ስለ ማዛመጃው ፋይል የተባለው እውነት ነው፤ ቢልድ ሁልጊዜ እንደገና ይሠራል የሚለው ቃልም መታረም አለበት። ወደ ደንበኛ የሚሄድ ስሪት ከነማዛመጃው በሁለት ቦታ መቀመጥ ይገባዋል። ሆኖም ቢንትሬይ ሲዘጋ ከፋይ ደንበኞችም መውጣታቸው፣ ክፍያም ቢሆን ከለላ እንዳልነበረ ያሳያል።

ቅድሚያው ለራስ ዲስክ ይሁን የሚለው ሐሳብ ግን ሰውን ያላገናዘበ ነው። በአራት ሰው ቡድን ውስጥ ስሪቱ ዓርብ ማታ ተጣድፎ ይወጣል፤ «ሰኞ እቀዳዋለሁ» ያለው ሰው ሰኞ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። በነፃው ማከማቻ ግን ቢልዱን የሚሠራው ፕሮግራም ራሱ ፋይሉን ስለሚያስገባ የሚረሳ ሰው የለም፤ በየሌሊቱ የሚነሳ አጭር ስክሪፕት ደግሞ አዲስ ስሪት ካለ ወደ ቢሮው ዲስክ ያወርዳል። በወር አራት ስሪት የሚያወጣ ቡድን ለዚህ ቅጂ የሚያወርደው 160 ሜጋባይት ነው፤ ከተፈቀደው 1 ጊጋባይት ስድስተኛው እጅ እንኳ አይሞላም፤ መብራት ጠፍቶ ዲስኩ አንድ ሌሊት ቢያመልጠው በማግስቱ ያገኘዋል።