«ስሎቱ ውስጥ ከገባ ይሠራል» የሚለው ምክር

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ያለው ሰው ርካሽ ግራፊክስ ካርድ ሊጨምርበት አስቦ ምክር ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃሏል፤ «ስሎቱ ውስጥ ከገባ ይሠራል»። ነጋዴው ይለዋል፣ ጠጋኙ ይደግመዋል፣ በቪዲዮ የሚያስተምረውም ያለ አንዳች ማብራሪያ ያስተላልፈዋል፤ ጠያቂው ካርዱን ገዝቶ ቤቱ ከሰካው በኋላ ከጥቁር ስክሪን ወይም ከቀድሞው እምብዛም ካልተሻለ ማሽን ጋር ሲፋጠጥ ግን ከመካሪዎቹ አንዱም አጠገቡ የለም። አባባሉ ሐሰት ነው። ሐሰትነቱም ይበልጥ ጎልቶ የሚወጣው ምክሩ በብዛት በሚነገርላቸው ማሽኖች ላይ ነው፤ እነዚህም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ተሠርተው፣ የውጭ ቢሮዎች ከተገለገሉባቸው በኋላ አስወግደዋቸው፣ ዛሬ በመርካቶና በሌሎች የአዲስ አበባ መሸጫዎች ተደርድረው የሚታዩት የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ ዴስክቶፖች ናቸው።

አባባሉ የተነሣው ከአንድ እውነት ነው፤ ጥፋቱ እውነቱ ከወሰኑ አልፎ መለጠጡ ነው። ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም በስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል የሚያሰላውና የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ሜሞሪ ያለው ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው ስሎት ሲሆን፣ የዚህ ስሎት ደንብ በ2003 ከወጣ ጀምሮ ትውልድ በተቀየረ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ገደማ ሲያድግ ቅርጹ ግን እንደነበረ ቆይቷል። በዚህም ምክንያት በ2022 የወጣ ካርድ በ2011 በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ይሰካል፤ ማሽኑ ሲነሣም ካርዱና ማዘርቦርዱ የየራሳቸውን አቅም ተለዋውጠው ከሁለቱ ዝቅ ባለው ፍጥነት ይስማማሉ። ደንቡ ዋስትና የሚሰጠው እስከዚህ ድረስ ነው። ካርዱ በዝቅተኛው ፍጥነት ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ ፓወር ሰፕላዩ ይሸከመው እንደሆነ፣ የማሽኑ ማስነሻ ፕሮግራም ያውቀው እንደሆነ፣ ስክሪኑ ምልክቱን ይቀበለው እንደሆነ ደንቡ አንድም ቃል አይናገርም፤ «ከገባ ይሠራል» ባዮች ግን እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ በመሰኪያው ቅርጽ ብቻ ይመልሷቸዋል።

መሰኪያው ራሱ እንኳ እነርሱ ያሰቡትን ያህል አይናገርም። በስሎቱ ውስጥ መረጃ የሚያልፈው መስመር በሚባሉ ጎን ለጎን በተዘረጉ መንገዶች ሲሆን ረጅሙ ስሎት 16 መስመሮች አሉት፤ አንዱ መስመር በሁለተኛው ትውልድ በሰከንድ 500 ሜጋባይት፣ በሦስተኛው 985 ሜጋባይት ገደማ፣ በአራተኛው ደግሞ ከ1.9 ጊጋባይት በላይ ያሳልፋል። ኤኤምዲ በ2022 ለርካሹ ገበያ ያወጣቸው ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲና አርኤክስ 6400 ከ16ቱ መስመሮች የሚጠቀሙት አራቱን ብቻ ነው። የካርዱ ጠርዝ እንደ ሌሎቹ ረጅም ሆኖ ተቆርጧል፣ ስሎቱንም ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፤ ሆኖም አንዳንዶቹን ገልብጦ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ወርቃማዎቹ ንክኪዎች በአንድ ወገን ተሰብስበው የቀረው የጠርዙ ርዝመት ባዶ መሆኑን ይመለከታል። ካርዱ በአራተኛው ትውልድ ስሎት ላይ ሲሰካ አራቱ መስመሮች በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ስለሚያደርሱለት ጉድለቱ እምብዛም አይሰማም። በሦስተኛው ትውልድ ወደ 4 ጊጋባይት፣ በሁለተኛው ወደ 2 ጊጋባይት ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ማሽኑ ከየትኛው ትውልድ እንደሆነ በምን ያውቃል ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ምክንያቱም የምክሩ አደጋ የሚጎላው መልሱ በዓይን ከሚታየው ነገር ውጭ በመሆኑ ነው። በ2012 በወጣው የኢንቴል ሦስተኛ ትውልድ ቤተሰብ ውስጥ ኮር አይ 5 3470 ሦስተኛውን የስሎት ትውልድ ሲደግፍ፣ ከዚያው ቤተሰብ የሆነው፣ በዚያው ማዘርቦርድና በዚያው ሶኬት ላይ የሚቀመጠው ኮር አይ 3 3220 በሁለተኛው ላይ ይቆማል። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ስም፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ሳጥን ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ለካርዱ የሚያደርሰው መረጃ ከሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስሎቱን አይቶ «ይገባል» የሚል መካሪ ይህን ልዩነት ሊያይ አይችልም፤ የፕሮሰሰሩን ስም ስላልጠየቀም ሊያውቀው አይችልም።

ልዩነቱ ተራ የወረቀት ቁጥር አይደለም። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በአብዛኛው፣ አርኤክስ 6400 ደግሞ ዘወትር የሚሸጡት ከ4 ጊጋባይት ሜሞሪ ጋር ሲሆን፣ የዘመኑ ጨዋታ ወይም የሕንፃ ንድፍ ሥራ ይህን ሜሞሪ ሲሞላው የተረፈው መረጃ በኮምፒውተሩ ራም ላይ ይቀመጥና ካርዱ በፈለገው ቁጥር በእነዚያ አራት መስመሮች በኩል እየተመላለሰ ይመጣለታል፤ መንገዱ ጠባብ በሆነ መጠን ምስሉ እየተንቀጠቀጠና እየቆመ ይሄዳል። በአንጻሩ በ2016 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 16ቱንም መስመሮች ስለሚጠቀም በሁለተኛው ትውልድ ስሎት ላይ እንኳ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ያገኛል፤ ይህም በስድስት ዓመት የሚያንሰው ካርድ በአራተኛው ትውልድ ላይ ብቻ የሚደርስበት መጠን ነው። ለአሮጌ ማሽን አሮጌው ካርድ ከአዲሱ አራት እጥፍ የሰፋ መንገድ አለው። ሁለቱም በአንድ ስሎት ይገባሉ፤ ምክሩ ግን ሁለቱን የሚለይበት አንዳች መመዘኛ አልያዘም።

ከመስመሮቹ ይልቅ የሚያስቆጣው የኃይል ጉዳይ ነው፤ በዚህኛው ገዢው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ማሽኑን ጭምር ሊያጣ ይችላልና። ረጅሙ ስሎት ለካርድ እንዲሰጥ በደንቡ የተፈቀደለት ከፍተኛ ኃይል 75 ዋት ሲሆን ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ፒን ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ያስፈልገዋል፤ የመጀመሪያው 75፣ ሁለተኛው 150 ዋት ይጨምራል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 በትልቁ ሳጥን 275 ዋት፣ በትንሹ 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይዞ የወጣ የቢሮ ማሽን ነው፤ ሲሠራም ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ የታሰበ ስለነበር ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ አይወጣለትም። በብረቱ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ለሁሉም የቮልት ዓይነቶች የተደመረው ኃይል ነው፤ ካርዱ አብዛኛውን ፍጆታውን የሚወስደው ግን ከ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ በዚያው ላይ ፕሮሰሰሩም ይመገባል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ በትናንሾቹ ሳጥኖቻቸው ላይ ስሎቱ የሚሰጠውን ኃይል ከ75 ዋትም በታች ገድበው በመመሪያቸው ጽፈውታል። መመሪያውን የሚያነብ የለም፤ ሠንጠረዡንም የሚያነብ ጥቂት ነው።

ሳይነበብ በመቅረቱም ምን እየተደረገ እንዳለ ይታወቃል። ገመዱ ሲጠፋ ጠጋኙ ከሃርድ ዲስኩ የኃይል መሰኪያ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር ርካሽ መቀጠያ ያመጣና ካርዱን ያስነሣዋል፤ ፋኑ ሲዞርም ሥራው እንደተጠናቀቀ ቆጥሮ ሒሳቡን ይቀበላል። ሳታ የተባለው የዲስክ ኃይል መሰኪያ ለ12 ቮልት የተመደቡት ሦስት ንክኪዎች እያንዳንዳቸው 1.5 አምፔር እንዲሸከሙ የተሠሩ ስለሆነ በድምሩ ከ54 ዋት በላይ ሊያሳልፍ አይገባም። ከፊት ለፊቱ ያለው መሰኪያ ግን 75 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። አርኤክስ 580ን የመሰለ 185 ዋት የሚበላ ካርድ በዚህ ዓይነት መቀጠያ ሲመገብ መጀመሪያ የሚሞቀው ፕላስቲኩ ነው፤ ቀጥሎ ይቀልጣል፣ ከቀለጠም ቤት ውስጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ይህን ለደንበኛ ማድረግ ድፍረት ነው፤ ያውም ከቤተሰብ ጋር በሚታደርበት ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥ ማሽን።

የሳጥኑን ቁመት በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ትንሹ የቢሮ ሳጥን የሚቀበለው አጭሩን የካርድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ረጅሙ ሲሰካ ክዳኑ አይዘጋም፤ ይህን ማንም በማስመሪያ ያውቀዋል። የማይታወቀው ማስነሻ ፕሮግራሙ ነው። ባዮስ የሚባለው ይህ ፕሮግራም ካርዱን ሳያውቀው ሲቀር ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቆማል፤ ኢንቴል በ2022 ያወጣው አርክ ኤ380 ደግሞ ቢነሣም እንኳ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስበት የሚያደርገውን፣ ሪሳይዘብል ባር የተባለውን አሠራር ካላገኘ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወድቃል። ኢንቴል ራሱ ለዚህ ካርድ የሚመክራቸው የራሱ ፕሮሰሰሮች ከአሥረኛው ትውልድ የሚጀምሩ ሲሆን በአሮጌ የቢሮ ማሽኖች ላይ ግን የሚገኘው ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ነው። ካርዱ ርካሽ ነው፣ ስሎቱም ውስጥ ይገባል፤ አምራቹ ግን ለዚያ ማሽን አላሰበውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በስክሪኑ መሰኪያ የሚደርሰው ነው። አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ያለው ሰው ስክሪኑም አብሮ ያረጀ ነው፤ የሚቀበለውም ብዙ ጊዜ ሰማያዊውን የቪጂኤ መሰኪያ፣ ማለትም ምስሉን በአናሎግ ምልክት የሚያስተላልፈውን የድሮ ገመድ ብቻ ነው። ኤንቪዲያ በ2016 ካወጣው የጂቲኤክስ 1000 ተከታታይ ጀምሮ፣ ኤኤምዲም በዚያው ዓመት በወጣው አርኤክስ 400 ተከታታይ ላይ፣ ቺፖቹ ራሳቸው የአናሎግ ምልክት አያመነጩም። ለእነዚህ ካርዶች መሰኪያውን ብቻ የሚቀይር ትንሽ ቁራጭ ዋጋ የለውም፤ ምልክቱን የሚለውጥ ኮንቨርተር ካልተገዛ ወይም ስክሪኑ ካልተቀየረ ምስል አይመጣም። ገዢው ለካርድ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ስክሪን መግዛት እንዳለበት ሲነገረው አስቀድሞ «ይሠራል» ያለው ሰው ምን ይመልስለታል?

«ሰውየው ርካሽ ነው የጠየቀው» የሚል መከላከያ ይቀርባል። ይህ ምክሩን ይበልጥ የሚያስነቅፍ እንጂ የሚያድን አይደለም። ገንዘብ የተረፈው ገዢ ካርዱ ባይስማማው ሌላ ይገዛል፤ ርካሽ የጠየቀው ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም፣ ከሁሉም የላቀ ጥንቃቄ የሚገባው እርሱ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ይህን ሁሉ ለመሸሽ በ2014 የወጣውን ጂቲ 730 ይሰጡታል፤ ለብዙዎቹ ቅጂዎቹ መሠረት የሆነው ኬፕለር የተባለው የቺፕ ትውልድ ከ2021 ወዲህ አዲስ ድራይቨር፣ ማለትም ስርዓቱ ካርዱን እንዲያዝበት የሚያስችለው ፕሮግራም፣ የማይወጣለት ሲሆን የደኅንነት ማሻሻያውም በመስከረም 2024 ቆሟል። ይገባል፣ ይነሣል፣ ቪጂኤም አለው፤ ሆኖም ከአምራቹ እጅ የወጣ ካርድን እንደ መፍትሔ መሸጥ ገዢውን አለመርዳት ነው።

የሚሻለው ምክር ረጅም አይደለም። የፕሮሰሰሩ ስም፣ የፓወር ሰፕላዩ ሠንጠረዥ፣ የሳጥኑ ቁመትና የስክሪኑ መሰኪያ ሳይታወቁ ካርድ አይመረጥም፤ ከታወቁ በኋላ ግን ለአብዛኞቹ እነዚህ ማሽኖች እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ፣ 16ቱን መስመሮች የሚጠቀም፣ ከ75 ዋት የማያልፍና ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው፤ በዚሁ ስም የሚሸጡ አንዳንድ ቅጂዎች ባለ 6 ፒን ገመድ ስለሚፈልጉ ያም መታየት አለበት። ለትንሹ ሳጥን አጭሩ ዓይነት ይፈለጋል። ከዚህ በላይ የሚከራከር ሊከራከር ይችላል፤ ከዚህ በታች ወርዶ በስሎት ቅርጽ ብቻ የሚመክር ግን ስለ ገዢው ገንዘብ አላሰበም።

በብዙ መሸጫዎች ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ካርዱ የሚፈተሸውም በመሸጫው ማሽን፣ በመሸጫው ፓወር ሰፕላይና በመሸጫው ስክሪን ላይ ነው፤ እዚያ ስለሠራም ቤት ሄዶ አልሠራ ያለው ካርድ «ጤነኛ ነው» ተብሎ ገዢው ባዶ እጁን ይሸኛል። ነጋዴው በቃሉ የሚተማመን ከሆነ ገዢው የራሱን ማሽን ይዞ እንዲመጣ ይጠይቅ፣ ካርዱን እዚያው ላይ ሰክቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ ያሠራው፣ በደረሰኙም ላይ የማሽኑን ሞዴልና የፕሮሰሰሩን ስም ጽፎ ይፈርምበት፤ ይህን የማያደርግ ከሆነ «ይሠራል» ብሎ ገንዘብ የመቀበል መብት የለውም።