ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ

በሰሜን ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ የቤልጂየም ሰዎች ሞሰል የምትባለውን ጥቁር ዛጎል የለበሰች የባሕር እንስሳ አብዝተው ይበላሉ። ሞሰል ምግቧን ፍለጋ አትዞርም፤ ከዐለት ወይም ከገመድ ላይ ተጣብቃ፥ ውሃውን በአንድ በኩል እየሳበች በሌላው በኩል እየለቀቀች፥ በውስጡ የሚገኙትን ደቃቅ ሕይወታውያን አጥልላ ትመገባለች። አንዲት ያደገች ሞሰል በቀን እስከ 25 ሊትር፥ ማለትም አንድ ትልቅ ጀሪካን የሚሞላ ውሃ ልታጠልል ትችላለች። ይሁን እንጂ ዛሬ ባሕሩ የሚያቀርብላት ምግብ ብቻ አይደለም።

ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሱ የፕላስቲክ ስብርባሪዎች ማይክሮፕላስቲክ ይባላሉ። ከፊሎቹ የተጣሉ ዕቃዎች በፀሐይና በማዕበል ሲሰባበሩ፥ ከፊሎቹ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሲታጠብና የመኪና ጎማ ሲያልቅ የሚገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለምግብ የሚረቡ ሞሰሎችን መርምረው፥ በእያንዳንዱ ግራም ሥጋ ውስጥ በአማካይ 0.36 ቅንጣት አግኝተዋል። በዚህ ስሌት 250 ግራም የሞሰል ሥጋ የሚበላ ሰው 90 ያህል ቅንጣቶችን አብሮ ይውጣል ማለት ነው። ዓሣ ሲበላ ብዙ ጊዜ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ይጣላል፤ ሞሰል ግን ከነሆድ ዕቃዋ ትበላለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንዶች «ሞሰል መብላት ይቅር» ይላሉ። ይህ ምክር ለጊዜው ብልህነት ቢመስልም ችግሩን አያቃልልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በስኮትላንድ ተመራማሪዎች የቀረበ ጥናት፥ አንድ የብሪታንያ ነዋሪ ከሞሰል በዓመት 123 ያህል ቅንጣቶች እንደሚደርሱት፥ ምግብ ሲበላ ከቤት አቧራ ጋር ሳህኑ ላይ የሚያርፉት ግን ከ13,000 እንደሚበልጡ ገምቷል። እንግዲህ ሞሰልን የተወ ሰው ከፕላስቲክ አላመለጠም። የሚጎዳው ፕላስቲኩን ያልሠራው፥ በባሕሩ ላይ ኑሮውን የመሠረተው አርቢ ነው።

ሌሎች ደግሞ «በሰው ጤና ላይ ጉዳት ማድረሱ ስላልተረጋገጠ እንጠብቅ» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፥ የተሰበሰበው ማስረጃ ቁርጥ ያለ ፍርድ ለመስጠት እንደማይበቃ መግለጹ እውነት ነው። ስለዚህ ሞሰል መርዝ ናት ብሎ መጮኽ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን «አልተረጋገጠም» ማለትና «ጉዳት የለውም» ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በባሕር ውስጥ የተበተነውን ደቃቅ ፕላስቲክ መልሶ የሚለቅም መረብ የለም። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ቢረጋገጥ፥ እስከዚያ የተበተነውን ማን ይሰበስበዋል? አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በእኔ አስተያየት መፍትሔው ከሳህኑ ላይ ሳይሆን ከፋብሪካው በር ላይ ይገኛል። ይህም ከንቱ ምኞት አይደለም። ቀደም ሲል ፊት ማጠቢያ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመሩ ደቃቅ የፕላስቲክ ፍሬዎች ነበሩ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015፥ ብሪታንያም በ2018 በሕግ ከለከሏቸው፤ ፋብሪካዎቹም በሌላ ነገር ተኩ። ከዚህ የተነሣ ፊቱን ሳይታጠብ የቀረ ሰው የለም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ናይሮቢ ላይ ተሰብስቦ፥ ስለ ፕላስቲክ ብክለት አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወስኖ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ የተደረገው ድርድር ያለ ስምምነት ተበተነ። ከዋነኞቹ የክርክር ነጥቦች አንዱ፥ ምርቱ ራሱ ይወሰን ወይስ ቆሻሻው ብቻ በሚገባ ይያዝ የሚለው ነበር። የሞሰል ምሳሌ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል። ከልብስና ከጎማ የሚረግፈውን ቅንጣት የትኛው የቆሻሻ ቅርጫት ሊይዘው ይችላል? ስለዚህ ቆሻሻን መጥረግ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ የሚመረተው ፕላስቲክ መጠን መወሰን፥ ጨርቁና ጎማውም እንዳይረግፍ ሆኖ መሠራት አለበት። ባሕርን የማጥራት ሥራ ለሞሰል ብቻ ሊተው አይገባም።