አረሙ ለምን ተመልሶ በቀለ?

ክረምት ገብቶ ጊዳ አያና ላይ አረሙ ከበቆሎው እኩል ሲነሣ፣ ባለማሳው ሠራተኛ የሚቀጥረው በቀን ሒሳብ ወይም በቁርጥ ነው። በቀን ከቀጠሩ ሥራው ይጓተታል። በቁርጥ ከሰጡ ቶሎ ያልቃል፤ በሳምንቱ ብቅ ሲሉ ግን አረሙ ተመልሶ በቅሏል። ከላይ ተቆርጦ እንጂ ከሥሩ አልተነቀለምና።

ሰውን የሚያተጋው ምንድን ነው? አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው የሳይንሳዊ ሥራ አመራር መጽሐፉ «ልኬትና ክፍያ» ብሎ መልሷል። ደግ ጎን አለው። ለአካፋ የሚበጀው ሸክም 9 ኪሎ ተኩል ገደማ መሆኑን ለክቶ፣ ለከባዱ ማዕድን ትንሽ፣ ለቀላሉ ትልቅ አካፋ አስያዘ፤ ዕረፍትም መደበ። «ሰነፍ» የምንለው ሰው የማይሆን መሣሪያ ይዞ ሊሆን ይችላላ!

ጉድለቱም እዚያው አለ። ቴይለር ራሱ እንደጻፈው፣ በቀን 12 ቶን ተኩል ብረት ይጭን የነበረው ሠራተኛ 47 ቶን ተኩል ሲጭን፣ ክፍያው ከ1.15 ወደ 1.85 ዶላር አደገ። ሥራው አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ ክፍያው እጥፍ እንኳ አልሆነም። በዚያው ዓመት በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ «በሰዓት አልለካም» ያለ ሠራተኛ ሲባረር፣ ባልደረቦቹ ሥራ አቁመው ወጡ። ያስቆጣቸው እንደ ዕቃ መለካታቸው ነበር።

ያንኑ የበቆሎ ማሳ አሁን በደቦ ያስቡት። ሰዓት የሚይዝ የለም፤ ዘፈኑ ክንዱን ያስተካክላል። ሰው ግን ሥሩን ይነቅላል፤ ነገ ተራው የራሱ ማሳ ነዋ! ደቦም ቢሆን በነፃ አይደለም። ድግስ አለው፤ የቀረ ሰውም አይረሳም።

እርስዎስ? ሱቅ ውስጥም ሆነ ቤትዎ የሚያግዝዎ ሰው ካለ፣ ከቴይለር ሦስት ነገር ይውሰዱ፦ የሚመች መሣሪያ፣ ግልጽ ሥራ፣ በቀኑ የሚደርስ ክፍያ። ከደቦው ደግሞ ሁለት ይጨምሩ፦ «አንተስ እንዴት ብንሠራው ይሻላል ትላለህ?» ብሎ መጠየቅና አብሮ ማዕድ መቅረብ። የሚቆጠረውን ሥራ ገንዘብ ያሠራልዎታል። ማንም የማያየውን ሥር የሚነቅለው ግን ሥራውን የራሱ ያደረገ ሰው ብቻ ነው።