ድምፁ የብዙኃኑ፣ ወንበሩ የባለጸጋው!

ምርጫ ለመስረቅ የግድ ኮሮጆ መገልበጥ ያስፈልጋል ያለው ማነው? ሕጉ ራሱ ከሰረቀ ሌባ ምን ሥራ አለው! ይህን የሚጠራጠር ካለ እ.ኤ.አ በ1908 በጀርመን ትልቋ ግዛት፣ በፕሩሲያ፣ የተካሄደውን የምክር ቤት ምርጫ ይመልከት።

ሶሻል ዴሞክራቶች 24 በመቶ ያህል ድምፅ አገኙ። ወግ አጥባቂው ፓርቲ 14 በመቶ ያህል። ታዲያ ከ443 ወንበሮች ለማን ስንት ደረሰ? ለወግ አጥባቂዎቹ 152፣ ለሶሻል ዴሞክራቶቹ 7! እሱም ተመስገን ነው፤ በ1903 ከመቶው መራጭ 19 ያህሉ መርጧቸው አንዲት ወንበር እንኳ አላገኙም ነበር። ከሰባቱ አንዱ ካርል ሊብክነሽት ሲሆን፣ የተመረጠው ሚሊታሪዝምን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጽፈሃል ተብሎ በታሰረበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መራጩ በሚከፍለው ግብር ልክ በሦስት መደብ ይከፈላል። በአንደኛው መደብ ያሉት ባለጸጎች፣ ከመራጩ 4 በመቶ ያህሉ፣ የወኪል መራጮቹን ሲሶ ይመርጣሉ። 82 በመቶ የሚሆነው ድሀም የሚደርሰው ያው ሲሶ ነው። የአንድ ሀብታም ድምፅ የሃያ ሠራተኛ ድምፅ መሆኑ ነዋ! ሴቶችማ ጭራሽ ከቁጥር አልገቡም።

ይህም አልበቃ ብሎ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ሳይሆን በአደባባይ፣ በአፍ ነበር። የእርሻ ሠራተኛው የሚመርጠውን ስም የሚጠራው ባለርስቱ እየሰማ ነው። በማግስቱ ከሥራው ቢባረር ማን ይደርስለታል?

"ሕጉ ነው" ይሉ ነበር ገዢዎቹ። አዎን፣ ሕግ ነበር! በ1910 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ "እኩል ድምፅ!" ሲል፣ መንግሥት ያቀረበው ለይስሙላ ያህል የሆነ ማሻሻያ እንኳ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1917 ንጉሠ ነገሥቱ ለውጥ እንደሚመጣ ቃል ቢገቡም ወግ አጥባቂዎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ሲገባ ጊዜው አለፈ። ኅዳር 1918 አብዮቱ ሲፈነዳ ዙፋኑም ሦስቱ መደቦችም አብረው ወደቁ።

በጥር 1919 ሴቶችም ጭምር በምስጢርና በእኩልነት መረጡ። ያ ሰባት ወንበር የተወረወረለት ፓርቲ ከ402 ወንበሮች 145ቱን ወሰደ!

ስለዚህ የምርጫ ውጤት ሲነገረን "ማን አሸነፈ?" ከማለታችን በፊት "ድምፁ እንዴት ተቆጠረ? መራጩስ ሳይፈራ መረጠ ወይ?" ብለን እንጠይቅ። በምክር ቤት ቦታ የተነፈገው ሕዝብ መናገሩን አይተውም። ከአዳራሹ ሲያስወጡት በአደባባይ ይናገራል።